ከየትሪው አንድ ጉርሻ

እታለም ቁጭ ብላ ስትበላ ያያት ሰው በመተማ ዮሐንስ አልነበረም። ወጥ ስታወጣ አይተዋታል፤ የሰከረ ሾፌር ክንዱን ይዛ ስታስወጣ አይተዋታል፤ በቀትር ፀሐይ ሁለት ጀሪካን ውኃ አንጠልጥላ ስትገባም አይተዋታል። ስትበላ ግን የለም። ይህ ነገር ስለ ቀጭን ሰው ቢወራ ማንንም ባልደነቀ። እታለም መቶ ሦስት ኪሎ ናት።

ሙሉ ስሟ ዓለምፀሐይ ነው። «እታለም» ያሏት በየዓመቱ ከደጋ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፤ ከተማውም ከነሱ ሰምቶ ያዘው። ወደ ድልድዩ በሚወርደው አስፋልት ዳር፣ የጭነት መኪኖች የጉምሩክ ተራ ከሚጠብቁበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ነፋስ እንዲያስገባ እስከ ወገብ ብቻ የተሠራ ሰፊ ምግብ ቤት አላት። ሰሌዳ የለውም። ከማዶ የሚመጣ ሽቶና ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቷ ዘምዘም፣ «እስኪ ስም አጽፈሽ ስቀይበት» ስትላት፣ «ሰሌዳ ምን ያደርግልኛል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ የለ?» ትላለች። እውነቷን ነው። ከአውቶቡስ የወረደ ሠራተኛ መጀመሪያ ሴትዮዋን አይቶ ነው የሚገባው። ባለቤቷ የከሳች ምግብ ቤት ማን ደፍሮ ይገባል?

የቤቷ ስም የወጣው ግን በውፍረቷ አልነበረም። ባሏ ሞቶባት ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከጭልጋ ስትወርድ ሸንበቆ የመሰለች ቀጭን ነበረች፤ ያላትም አንድ ትልቅ ድስት ብቻ። በዚያው ዓመት የለፉበትን ደመወዝ ወገባቸው ላይ አስረው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሦስት ሠራተኞች አንድ ቤት ምሳ በሉና ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ሲነቁ ወገባቸው ባዶ ነው። ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የታወቀው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛ ሁሉ ከምግብ ቤት መሸሹ ነው። ዳቦና ሃላዋ ይገዛና ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይበላል። እታለም ሦስት ቀን ወጧን ደፋች። በአራተኛው ቀን ስድስት ሰዎች ከመንገድ ለምና አስገባች፤ ትሪውን መሐላቸው አስቀመጠች። እጁን የዘረጋ የለም። እሷም ጎንበስ አለች፣ ከትሪው መሐል ጠቅለል አድርጋ ወፍራም ጉርሻ ጎረሰች፣ አላምጣ ዋጠች፣ አፏንም ከፍታ አሳየቻቸው።

«እንግዲህ ከሞትን አብረን ነው» አለች።

በሉ። በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሆነው መጡና ትሪው ቀርቦላቸው፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ እሷን ጠበቁ። ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆነ። ከየትሪው አንድ ጉርሻ፣ ባለቤቷ ራሷ፣ በዓይናቸው ፊት። ወሬው ጎጃምና ወሎ ድረስ ወጣ፤ ልጇን የምትሸኝ እናት «መተማ ስትደርስ የምትቀምሰዋ ቤት ብላ» የምትል ሆነች። ጉርሻዋም ትንሽ መሆን የለባትም። ትንሽ ጉርሻ የፈራ ሰው ጉርሻ ናት።

እሷ ይህን መብላት ብላው አታውቅም። መብላት ማለት እጅ ታጥቦ፣ ተቀምጦ፣ ከራስ ትሪ ነው። ይኸኛው ሥራ ነው። በጾም ጊዜ ተጨንቃ የነፍስ አባቷን ስትጠይቃቸው እንኳ «ለሥራሽ ነው እንጂ ለሆድሽ አይደለም፤ ሰዓቱን ብቻ ጠብቂ» ብለዋታል። ቄሱ መብላት ያላሉትን እሷ ከየት አምጥታ መብላት ትበለው?

ጤና ጣቢያ የሄደችው ለጉልበቷ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ቆርቆሮው የሚንጣጣበት። ውኃ መጠጣት ካበዛች ዓመት አልፏታል፣ ግን መተማ ላይ በሚያዝያ ውኃ ጠማኝ ያለን ሰው ታሟል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ሲስተር እመቤት ጠረጠረች። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍሉን የያዘችው እሷ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር የደባርቅ ልጅ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ስለ ውፍረትና ስለ ሰው አበላል የሚያጠኑ ሰዎች ከዩኒቨርሲቲ መጥተው፣ ለክትትል የሚመጣውን ሁሉ እንድትጠይቅበት አንድ ረጅም ቅጽ ሰጥተዋታል። ጣቷን ወግታ ስኳሩን አየች፤ ሁለት መቶ አሥር። ሚዛን ላይ አወጣቻት። ከዚያም ቅጹን አነሣች።

«እታለም፣ ትናንት ስንት ጊዜ ተመገቡ?»

«አንዴ።»

«ቁርስስ?»

«የምን ቁርስ? አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ እሳት አያይዛለሁ።»

«ምሳ?»

«በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ይበላል፤ እኔ ምን ጊዜ አለኝ።»

«እራት?»

«እራት እበላለሁ። ቤቱ ሲዘጋ ከሠራተኛየ ከሸዋዓለም ጋር፣ የተረፈ ካለ። ያችን እራት እንኳ ሰው ይቁጠራት አልልም፤ ግማሽ እንጀራ ናት።»

ሲስተር እመቤት «አንድ» ብላ ጻፈች፤ ብዕሯን ይዛ ቁጥሯን ትንሽ አየቻትና ወደ ምክሩ አለፈች። ምክሩ ግድግዳው ላይ አለ። አንድ ቀጭን ሰው ባማረ ጫማ ሣር ላይ ይሮጣል፤ ከጎኑ ቀይ ፖምና አረንጓዴ የአበባ እቅፍ የመሰለ ነገር ተስሏል።

«ያ አረንጓዴው ምንድን ነው?»

«ብሮኮሊ ይባላል። አትክልት ነው።»

«እዚህ ይበቅላል?»

«አይበቅልም።»

«ጎንደርስ ይሸጣል?»

«እንጃ፤ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያ ለማን ሰቀላችሁት?»

ሲስተር እመቤት ሳቀች፤ እታለምም ሳቀች። በሳቁ መሐል በሁለት ነገር ተስማሙ፤ እራት ይቀራል፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ድልድዩ ደርሶ መመለስ ይጀመራል። የሚዋጠውንም መድኃኒት ይዛ ወጣች።

እታለም የገባችውን ቃል አታጥፍም። ሁለት ወር ሙሉ እራት አልቀመሰችም። ጧት ጧት ነጠላዋን አጣፍታ በተሰለፉት የጭነት መኪኖች ጎን ትወርዳለች፤ ሾፌሮቹ «እታለም፣ ወደ ሱዳን ልትጠፊ ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል፤ «እናንተን ከማብላት ይሻለኛል» ትላለች። በሰኔ ሚዛን ላይ ወጣች። መቶ አምስት።

እራት ስለቀረ ጉርሻዋ ሳታውቀው ወፍሯል። ይህን ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል? ሲስተር እመቤት ሥልጠና ላይ የተነገራት አንድ ነገር ነበር፤ ወፍራም ሰው የበላውን አሳንሶ ይናገራል፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ደግሞ ያጥኚዎቹ ኃላፊ ያን ቅጽ «ይህ ሊሆን አይችልም፣ ይጣራ» ብሎ መልሶላታል።

«እታለም፣ እንደ እናቴ ነው የማየዎት። እውነቱን ይንገሩኝ።»

«የቱን እውነት?»

«የሚበሉትን። እኔ አልፈርድብዎትም።»

እታለም ጫማዋን አደረገች። ያን ሁሉ ዓመት እውነተኛ መሆኗን አፏን ከፍታ ስታሳይ የኖረች ሴት ናት። «አንች ልጅ» አለች፣ «ውሸታም ሴት አብልታሽ አታውቅም ማለት ነው» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያውን ዞር ብላ አላየችውም። መድኃኒቱም አለቀ።

የፍልሰታ ማግሥት ነው። ጾሙ ተፈታ፣ የአረም ሠራተኛው ከየካምፑ ለሥጋ ገባ፣ ቤቱ ጢም አለ። እታለም ከምድጃው አጠገብ ቆማ ሥጋውን ስታማስል የተቃጠለ ነገር ሸተታት። «ሸዋዓለም፣ ሽንኩርቱን እይው፣ አረረ» አለች። ከአሥር ዓመት በላይ አብራት የሠራችው ሸዋዓለም ሽንኩርቱን አየች፤ ደህና ነው። ሽታው አልለቀቀም። ወደ ታች ያየችው ሸዋዓለም ናት። የእታለም ነጠላ ጫማ ላይ፣ በጣቷና በማሰሪያው መሐል፣ አውራ ጣት የምታህል ፍም ገብታ ሥጋዋን እየበላች ነበር። እታለም ምንም አልተሰማትም። ማማሰያውን እንደያዘች እግሯን የሌላ ሰው እግር ይመስል አየችው።

ከሁሉ ያስፈራት ይኸ አለማመሙ ነው።

ሲስተር እመቤት ባጃጅ ይዛ መጣች፤ የጠራቻት ዘምዘም ናት። ቁስሉን አጥባ አሸገች። ከዚያ ሳትቆጣ ነገረቻት፤ ስኳሩ የእግሯን ስሜት ወስዶታል፣ ክብደቱና ስኳሩ ካልወረዱ እንዲህ ያለ ቁስል አይድንም፣ ያልዳነ ቁስል ደግሞ እግር ያስቆርጣል። እታለም ቤቱን ዞራ አየችው። እዚህ ቤት ያለ እግር የሚሠራ ሥራ የለም። እግሯን ለማዳን ክብደቷ መውረድ አለበት፤ ክብደቷ ደግሞ እራት ትታ እንኳ ከየት እንደሚጨምር አታውቅም።

«እኔ የዋሸሁሽ ነገር የለም» አለች፣ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሲስተር እመቤት። «ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ እዚህ ጥግ ልቀመጥ?»

ተቀመጠች። ያን ቅጽ ገልብጣ ጀርባው ላይ ጭረት ትጭር ጀመር። እታለም እግሯን እየጎተተች ከትሪ ትሪ ዞረች፤ ጎንበስ፣ ጉርሻ፣ ቀና። አንዱ ትሪ ላይ በልማዷ አንድ ጎርሳ ልታልፍ ስትል አንድ ወሎዬ «እማየ፣ በሞቴ ድገሚልኝ፤ ሁለት አዲስ ሰዎች አሉብን» አለና ደገመች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ጋብ ሲል ሲስተር እመቤት ወረቀቱን አሳየቻት።

«አርባ ሰባት።»

«ምኑ?»

«ጉርሻው።»

«ጉርሻ ምግብ ነው እንዴ?»

ሲስተር እመቤት ሸዋዓለምን ባዶ ትሪ አስመጣች፤ እንጀራና ወጥ አስመጣች፤ «እሷ እንደምትጎርሰው እያደረግሽ ጠቅልይ፤ እኔ እቆጥራለሁ» አለቻት። ሸዋዓለም የእታለምን ጉርሻ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ጠቀለለች፣ ደረደረች። ሃያ ላይ እታለም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሠላሳ ላይ «በቃ ተይው» አለች፤ ሸዋዓለም አልተወችውም። አርባ ሰባተኛው ሲቀመጥ ትሪው ሞልቶ ጉርሻ በጉርሻ ላይ ተቆልሏል። አራት እንጀራ ከነወጡ፣ ከነቅባቱ። እራት የሚበላው ሰው ገና አልመጣም።

እታለም ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይህን የበላ ሰው» አለች፣ «እንዴት ጠገብሁ ሳይል ይኖራል?» የራሷን ነገር እንደ ሌላ ሰው ነገር ነበር የጠየቀችው። ከዚያም አሰበችበት። ጠግባም ተርባም አታውቅም። ሆዷ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ቀርቦለት አያውቅማ።

ያን ቀን ሲስተር እመቤት «ይተዉት» አላለቻትም። ወደ ግድግዳው ሥዕልም አልመለሰቻትም። «ምን ቢሆን ይሻላል? ቤቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» ነው ያለቻት። ከባድ ጥያቄ ነበር።

መጀመሪያ ጉርሻዋን አሳነሰች። «እታለም ዛሬ ፈርታለች፤ ምን ጨምራበት ነው?» ተባለና ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ግን አላማራትም። ቀጥሎ ሸዋዓለም እንድትቀምስ አደረገች። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ትሪውን በእጁ ገፋ አድርጎ፣ «ልጄ፣ አንችን አልጠላሁም። ግን ቤቱ ያንች አይደለም። ነገ ጓዝሽን ይዘሽ አብርሃ ጅራ ብትገቢ ማን ያገኝሻል?» አላት። የሚታመነው የባለቤቷ አፍ ነው። በዚህ መሐል እታለም ግማሹን ትሪ እየዘለለች፣ ግማሹን እየቀመሰች አንድ ወር ከረመች። ፊቷ ሟሸሽ፣ ቀሚሷ ሰፋ አለ።

ዘምዘም አንድ ቀን በራፉ ላይ አስቁማ ያዘቻት።

«አንች፣ ኸላስ፣ ይብቃሽ። ሰዉ ማውራት ጀምሯል።»

«ምን ብሎ?»

«እዚህ አገር ሰው ሲከሳ ምን ይባላል? ግማሹ ካላዛር ይላል፣ ግማሹ ያን ያንን ይላል። ትናንት አንዱ ሾፌር ‹ሴትዮዋ መድኃኒት ጀምራለች አሉ› ብሎ ጠየቀኝ። ጀምራለች፣ የስኳር ነው አልሁት። ዓይኑን ጠቀሰኝ።»

እታለም ሳቀች፤ ግን ያን ቀን አልሠራችም ማለት ይቻላል። ብትወፍር እግሯን ይወስዳታል፤ ብትከሳ ቤቷን። በረኸኛው አንድ ጊዜ አንዱን ነገር በሽታ ነው ካለ በሐኪም ወረቀት የሚመለስ አይደለም። ብዙ አሰበች። ለማንም አልነገረችም። ለሲስተር እመቤትም እንኳ ቢሆን።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሰሊጡ ሳይራገፍ ሊታጨድ አገሩ ሁሉ በሚጣደፍበት ሰሞን፣ ምድጃውን ከጓዳ አስወጥታ ቤቱ መሐል ላይ አስተከለች። ድስቱ ከየአቅጣጫው ይታያል፤ እንጀራው እዚያው፣ ጭልፋው እዚያው። ከምድጃው አጠገብ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አደረገች፤ የራሷ ናት። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሸዋዓለም ከዚያው ድስት ለሷ እንድታወጣላት አዘዘች። በመጀመሪያው ቀን ልትቀመጥ ስትል ደሞዝ ገባ።

ደሞዝ የጎጃም ሰው ነው፣ ካቦ፤ በየዓመቱ አጫጆች መልምሎ የሚያመጣና እስኪመለሱ የሚጠብቅ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት በልቷል። ዘንድሮም አሥራ ሁለት ሰው አስከትሏል።

«እንዴት ከረምሽ እታለም? ምነው ከሳሽሳ?»

«ስኳር ነው ደሞዜ።»

«ስኳር ያወፍራል ሲሉ ነው የሰማሁ።»

«አወፈረኝ፤ አሁን ደግሞ እያባረርሁት ነው። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሦስት ትሪ ቀረበ፤ በዓይናቸው ፊት ከድስቱ ወጥቶ። እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁ። እታለም ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም።

«በሉ እንጂ። ከዚሁ ድስት ነው እኔም የምበላ።»

«አትቀምሽልንም?»

«ትቻለሁ ደሞዜ።»

ደሞዝ አልተቆጣም፤ የከበደው ይመስላል። «እኔማ አምንሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በልቼ ተነሥቻለሁ። እነዚህ ግን ገና ዘንድሮ የወረዱ ናቸው። ለናቶቻቸው ‹ሳይቀመስ አይጎርሱም› ብየ ነው ያመጣኋቸው። ቃሌን ምን ላድርገው?»

«ቃልህ ልክ ነው። አልነካብህም» አለች። እግሯን ወንበር ላይ አወጣችና ፋሻውን ፈታችው። «እዚህ ጋ ፍም ገብቶ አልተሰማኝም፤ ሽንኩርት ያረረ መሰለኝ። ከየትሪያችሁ ስጎርስ ስጎርስ ነው እንዲህ የሆንሁት። ሲስተሯ ቆጥራ አሳየችኝ። ደሞዜ፣ ባሥራ አንድ ዓመት ሳልጎርስልህ ያለፈ ትሪ አለ?»

ደሞዝ ቁስሉን አየ። «የለም» አለ።

«እንግዲህ ድስቱ ያውላችሁ፣ ጓዳ ገብቶ የወጣ ነገር የለም። ባለቤቷም ከሱ ልበላ ተቀምጫለሁ። ከዚህ በላይ ያለኝ አፌ ነበር፤ እሱን መልሼ ወሰድሁት።»

ከአዲሶቹ አንዱ ብድግ አለ። «እንሂድ ጋሼ። ታች ሌላ ቤት አለ ብለውኛል።» ሌላውም ተከተለው። ደሞዝ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያም እንደመናደድ ብሎ ተነሣ። በሩ ጋ ሄዶ እጁን ታጠበ፤ ተመለሰ።

«ያመጣኋቸው እኔ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ» አለ። «እሷ ለምን ትቀምስልኛለች?» ጎንበስ ብሎ ከመጀመሪያው ትሪ ጎረሰ። ከሁለተኛው ጎረሰ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሸዋዓለም፣ «እርስዎስ ቢቀምሱ ያምርብዎታል፤ የመተማ ነፋስ ሊወስድዎ ነው» አለችው፤ እሱም አፉ ሞልቶ ሳቀ። ሁለቱ ግን አልተመለሱም፤ ወጥተው ሄዱ። አሥሩ በሉ።

እታለም ወደ ትሪዋ ዞረች። አንድ እንጀራ፣ ከላዩ ወጥ፣ ከጎኑ ሲስተር እመቤት ያዘዘቻት ጎመን። ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። የሰው ትሪ ላይ መሐሉን ነበር የምትጎርሰው፤ የራስ ከሆነ ዳሩም መሐሉም ያንቺ ነው። ከዳሩ ጀመረች። ትንሽ ትንሽ ጎረሰች፤ የሚያያት የለም፣ ማንንም ማሳመን የለባት። ግማሹ ላይ ስትደርስ እጇ ዝግ አለ፣ ቆመ። «ሸዋዓለም፣ አንሺው» አለች።

«ምነው፣ አልጣፈጠም?»

«ጣፍጧል። ጠገብሁ መሰለኝ።»

ካቦ ሁሉ ደሞዝ አይደለም። የራሱን ሰዎች እየቀመሰ የሚያበላ ጥቂት ተገኘ፤ ሌላው ግን ትሪው ቀርቦለት እንኳ ተነሥቶ ሄደ። እስከ ኅዳር ድረስ ከቤቱ ሲሶው ባዶ እየሆነ ዋለ። የእታለም እጅም ልማዱን ቶሎ አልተወም፤ ሸዋዓለም ትሪ ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ እጇ ሳታዘው ይነሣል፣ አየር ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። ክፉ ወሬው በአንድ በኩል እየከሰመ ሄደ፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሰው ፊት ተቀምጣ የምትበላን ሴት ሞቷ ቀርቧል ብሎ ማውራት ያስቸግራል። በታኅሣሥ ሚዛኑ ዘጠና ስድስት አለ። ስኳሩ መቶ ስልሳ ወረደ። ቁስሉ ዳር ዳሩን ይዞ ገጠመ።

ከሷ ቤት የወጣው ሰው ወዴት እንደገባ የነገረቻት ዘምዘም ናት። ከታች፣ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ከሽንፋ የመጣች ስንታየሁ የምትባል ሴት ዓምና ቤት ከፍታ ሰው አጥታ ነበር። አሁን ሞልቶላታል።

«ደንብሽን ወሰደችው» አለች ዘምዘም። «ከየትሪው አንድ ጉርሻ፣ ራሷ ባለቤቷ። ‹የምትቀምሰዋ ቤት› የሚሉት አሁን እሷን ነው።»

እታለምን ያን ዕለት ሲያናድዳት ዋለ። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችውን ስም አንዲት ሴት በአፏ ወሰደችባት። ሳምንት ሙሉ የስንታየሁን ስም ስትሰማ ፊቷ ይጠቁር ነበር። ንዴቱ ግን እያደር ሌላ ነገር ሆነ፤ እጇ አየር ላይ በቆመ ቁጥር፣ ታች ያለችው ሴት እጅ ሳይቆም ሲወርድ ይታያት ጀመር።

አንድ ሐሙስ፣ ቤቷን ለሸዋዓለም ትታ፣ በእግሯ ወረደች። ስንታየሁ አርባ ያልደረሰች፣ ጉንጯ ገና መሙላት የጀመረ ሴት ናት። እታለም ስትገባ አወቀቻት፤ መልኳ ተለዋወጠ፤ ልትሰድበኝ መጣች ብላ ይሆናል። ቢሆንም ቦታ ሰጠቻት፣ እጇን አስታጠበቻት፣ ትሪ አቀረበችላት። ሌሎቹ መብላታቸውን ትተው አዩ። ስንታየሁ በደንቡ ጎንበስ ብላ ከትሪው መሐል ልትቆርስ እጇን ስትሰድ፣ እታለም አንጓዋን ያዝ አደረገቻት።

«ለኔ አትቅመሽልኝ» አለች። «አምንሻለሁ።»

በስንታየሁ ቤት እስከዚያ ቀን ይህን ያላት ሰው አልነበረም።

«ይልቅ ቁጭ በይና አብረን እንብላ። የምነግርሽ አለኝ፤ ስለ እግር ነው፣ ስለ ቤት አይደለም።»

ስንታየሁ ወንበሩን አየችው። ከኋላዋ አምስት ትሪ ቀርቧል፤ ሰዎቹ እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቋታል። አንዱ «እማየ፣ በረደ እኮ» አለ። «መጣሁ፤ እነዚህን ላስጀምርና» ብላ ሄደች፤ ጎንበስ፣ ጉርሻ፣ ቀና።

እታለም ተርባለች፤ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቢሆንም ትሪውን ሳትነካ፣ የታጠበ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አምስቱ ትሪዎች ተቀምሰው እስኪያልቁ ጠበቀቻት።